ካሜራ ልትገዢ ላሰብሽ ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ገና ከአቦል ሳያልፍ፣ ስልክሽን አዙረሽ ያሳየሽኝን ካሜራ ቤቴ ገብቼም ሳስበው ነበር። «ጋሼ፣ 125 እጥፍ ያቀርባል፤ ጨረቃን ከነጠባሳዋ ያሳያል» አልሽኝ። ዓይንሽ ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ፤ ሰው በተሰበሰበበትም ልመክርሽ አልፈለግኩም። ዛሬ ግን ደመወዝሽ ሳይገባ፣ ገንዘቡም ከእጅሽ ሳይወጣ የማውቀውን ልንገርሽ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ምሳሌ ባበዛ ታገሺኝ። አባቴም እኔን የመከረኝ እንዲሁ ነበር።

እኔ ሥራውን የለመድኩት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው። መጀመሪያ ካሜራ አላስነኩኝም። ጨለማ ክፍል አስገብተው ፊልም አሳጠቡኝ። ቀይ መብራት ሥር ቆሜ፣ ባዶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ስነክር፣ ከምንም ተነስቶ መጀመሪያ ቅንድብ፣ ቀጥሎ የአፍንጫ ጥላ፣ ከዚያ ሙሉ ፊት ሲወጣ አይ ነበር። ብርሃን በደንብ ያልደረሰው ፊልም ሲመጣ ግን ምንም ብለፋ ፊቱ ከጭጋግ አይወጣልኝም። ያኔ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልተለወጠም፦ ካሜራ የሚበላው ብርሃን ነው። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ቢመጣም ምግቡ ያው ነው። ዕውር ምን ይሻል ቢሉት ብርሃን አለ ይባላል፤ ካሜራም ብትጠይቂው መልሱ ይኸው ነው። የምነግርሽ ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚወጣ ስለሆነ ያዢልኝ።

አሁን ወደ 125 ቁጥርሽ እንምጣ። ያሳየሽኝ ኒኮን ኩልፒክስ ፒ1000 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። ሌንሱ ከ24 ተነስቶ 3000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ይላሉ። 3000ን ለ24 ስታካፍዪ 125 ይመጣልሻል፤ «እጥፍ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ረጅሙን ለአጭሩ ማካፈል እንጂ የፎቶው ጥራት መለኪያ አይደለም። ካኖን ኤስኤክስ70 ከ21 እስከ 1365 ስለሚሄድ 65 እጥፍ ይባላል። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ300 ከ25 እስከ 600 ነውና 24 እጥፍ ነው። ሱቅ ገብተሽ ሦስቱን ጎን ለጎን ብታዪ፣ ሻጩ 125ቱን ያነሳልሻል፤ አንቺም 24ቱን ትንቂዋለሽ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ገደሉ የት እንዳለ ላሳይሽ። ከሌንሱ ኋላ ምስሉን የሚቀበል ሴንሰር የሚሉት ነገር አለ። ሦስቱም ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ስፋቱ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የትንሿን ጣትሽን ጥፍር ተመልከቺ፤ ከእሷ ያንሳል። ሌንሱ ያን ያህል ሩቅ ሊሄድ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሴንሰሩ ትንሽ ሲሆን አጭር ሌንስ ረጅም ሆኖ ይሠራል። ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 3000 ሚሊ ሜትር እናድርግ ቢባል፣ ሌንሱን ሁለት ሰው ተሸክሞም አይችለው። ታዲያ ትንሽ ሴንሰር የሚሰበስበው ብርሃን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የሌንሱ ቀዳዳ ወሳኝ የሚሆነው።

ቀዳዳው «ኤፍ» በሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ሌንሱ አፍ ላይ ዙሪያውን ተቀርጾ ታገኚዋለሽ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ያ ባለ 125 እጥፍ ካሜራ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ኤፍ 8 ነው። ባለ 24 እጥፉ ኤፍዜድ300 ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኤፍ 2.8 ሆኖ ይቆያል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 8 ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በቁጥር ላስረዳሽ፦ ማለዳ ደመና ባለበት አንዱ በሰከንድ 1/500ኛ የሚያነሳውን፣ ሌላው 1/60ኛ ላይ ካልቆየ አያገኘውም። በ1/60ኛ ሰከንድ ውስጥ ወፍ አንገቷን ታዞራለች፤ አንበሳ ጆሮውን ያራግባል። የእጅሽ መንቀጥቀጥም አለ። ሌንስ ሲረዝም እንቅስቃሴሽን አብሮ ያረዝመዋል። በእኛ ዘመን ሕጉ ሌንሱ 600 ከሆነ ቢያንስ 1/600ኛ ሰከንድ ተጠቀም የሚል ነበር። የዛሬ ካሜራዎች መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ አላቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው፤ የወፏን አንገት አያቆምም።

ሁለተኛው ገደል የቀትር ሙቀት ነው። ሜዳው ሲሞቅ አየሩ ልክ ከድስት አፍ ላይ እንደሚነሳ እንፋሎት ይርገበገባል። በዓይንሽ ብዙም አታዪውም፤ በ2000 ሚሊ ሜትር ስትመለከቺ ግን የሜዳ አህያው መስመር ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ይዋዥቃል። ይህን የሚያስተካክል ካሜራ እስካሁን አልተሠራም። ብዙ ከፍለሽ የገዛሽው ርቀት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ብዙ አይጠቅምሽም ማለት ነው።

ዲጂታል ዙም የሚሉት ደግሞ አለ፤ እሱን ጨርሶ እርሺው። ሌንሱ ካለቀ በኋላ ካሜራው ያለውን ምስል ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። ስልኮች «100 እጥፍ» እያሉ የሚያስተዋውቁት አብዛኛው ይኸው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ካሜራውን እንደገዛሽ ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ አጥፊው።

ይህን ሁሉ ስልሽ ረጅም ዙም ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ትልቅ ካሜራ ከነባለ 600 ሌንሱ ልግዛ ብትዪ የብዙ ወር ደመወዝ ነው፤ ለዓይነት ለዓይነቱ ሌንስ መቀያየር ሳያስፈልግ ሁሉን በአንድ የያዘ ካሜራ ለጀማሪ ትልቅ ጸጋ ነው። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ስንት ነገር ባልቀረብኝ! የምመክርሽ ስለ መምረጡ ነው። ምርጫው ደግሞ ከሱቅ አይጀምርም፤ ምን ታነሺያለሽ ከሚለው ነው የሚጀምረው።

አንድ ወር ሙሉ በስልክሽ ያነሳሽውን ዘርግተሽ እዪ። ከመቶው ስንቱ በእውነት ሩቅ ነገር ነው? የጓደኛሽ ልደት፣ የእናትሽ ጉብኝት፣ ይህ የናይሮቢ ሰፈራችን የሁርሊንግሃም ጎዳና ጃካራንዳው አብቦ ወይን ጠጅ ምንጣፍ ሲያነጥፍ፣ ከአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ማዶ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ የምትቆላዋ ቡና፤ እነዚህ ሁሉ ቅርብ ናቸው። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል። ስለዚህ የሌንሱን ረጅም ጫፍ ብቻ ሳይሆን አጭሩን ጫፍም እዪ፤ 24 ወይም 25 ላይ የሚጀምር ካሜራ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያገባልሻል። ሩቁን ፍለጋ ቅርቡን የሚያሳጣሽ ከሆነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችውን መሆን ነው።

አገር ቤት ስትሄጂም ይህንኑ ታዪዋለሽ። ስሜን ተራሮች ብትወጪ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ሣሩን እየነጨ ጥቂት እርምጃ ያህል ያስጠጋሻል፤ ለእሱ 100 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ የደረቱ ቀይ እንደ ልብ ይታያል። ዋልያው ግን ገደሉ ማዶ፣ ድንጋይ መስሎ ቆሞ ነው የምታገኚው። እዚያ ላይ 600 ብትይዢ ትደሰቻለሽ፣ 1200 ቢኖርሽ ደግሞ አትጠዪውም። አንድ ተራራ ላይ ሁለቱም አሉ። ሁለቱን የምታነሺበት ካሜራ ነው የሚያስፈልግሽ።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ከከተማው መሐል ሳንርቅ ብሔራዊ ፓርክ አለን። በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ምድር ነው። ጥቁር አውራሪስ፣ አንበሳ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ አለበት፤ ዝሆን ግን አትፈልጊ፣ የለም። ፓርኩ ውስጥ ከተወሰኑ ቦታዎች በቀር ከመኪና መውረድ ስለማይፈቀድ ወደ እንስሳው ልቅረብ ብትዪም አትችዪም፤ ረጅም ሌንስ እንጀራውን የሚበላው እዚህ ነው። ሌላም ጥበብ አለው። ቀጭኔው ከሩቅ ሲሆን በረጅም ሌንስ ብታነሺው፣ ኋላው ያሉት የከተማው ፎቆች ተጠግተው ትከሻው ላይ የተደገፉ ይመስላሉ። በስልክ ከቅርብ ብታነሺው ግን ፎቆቹ ክብሪት አክለው ይቀራሉ። ይህን አንድ ፎቶ ለማግኘት ስንት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ያንቺ ግን ጎረቤት ነው።

ሰዓቱን ግን እወቂበት። እኛና ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ሰዓት አቆጣጠራችን አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ እነሱ «ሳአ ሞጃ» ሲሉ እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለው ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፤ ወጥታም ቀጥ ብላ ነው ወደ ላይ የምትሸሸው። ለስላሳው ብርሃን ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። እንስሳውም የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። በዚያች ሰዓት ላይ ነው ኤፍ 2.8 ያለው ካሜራ ሥራውን ሲሠራ፣ ኤፍ 8 ያለው ደግሞ ሲቸገር የምታዪው።

ታዲያ እኔ ብሆን የቱን እገዛ ነበር? በግልጽ ልንገርሽ። ለመጀመሪያ ካሜራ ያን ባለ 24 እጥፉን ኤፍዜድ300 ወይም እሱን የሚመስል እመርጣለሁ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ያረጀ ነው ይሉሽ ይሆናል። 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነውም ይሉሻል። አትፍሪ፤ 12 ሜጋፒክስል የግድግዳ ፎቶ ያክል ይታተማል። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ አቧራና ካፊያ ይችላል፣ ክብደቱ 700 ግራም አይሞላም፣ ዓይንሽን አስጠግተሽ የምታዪበት መስኮትም አለው። ልብሽ ሙሉ በሙሉ ወፍ ላይ ከሆነ፣ ቀንም በብሩህ ፀሐይ ብቻ የምታነሺ ከሆነ፣ ካኖን ኤስኤክስ70 ወይም እስከ 2000 የሚደርሰው ኒኮን ፒ950 ይሻልሻል፤ እዚያ ላይ አልከራከርሽም። ገንዘብ ቢኖርሽ ኖሮ ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 አለ፤ ሴንሰሩ በስፋት ከእነዚህ አራት እጥፍ ይሆናል፣ እስከ 600 ይሄዳል። ግን ሲወጣ 1,700 ዶላር ነበር። ለመጀመሪያ ካሜራ ያን ያህል ማውጣት፣ ይልቁንም በስልክ ብድር ተበድሮ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

መስኮት ስልሽ እንዳታልፊው። ኋላው ላይ ባለው ስክሪን ብቻ የሚሠራ ካሜራ ረጅም ዙም ካለው አትግዢ። የናይሮቢ ፀሐይ ስክሪኑን ያጠፋዋል፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ስትይዢም 600 ሚሊ ሜትር አይረጋም። መስኮቱን ቅንድብሽ ላይ ስትጫኚው ግን ራስሽ ራሱ እግር ይሆነዋል።

ክብደትንም አስቢ። ያ የወደድሽው ፒ1000 ከ1 ኪሎ ከ400 ግራም በላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ስትይዢው ጠንካራ ዕቃ መስሎ ይሰማሻል። ማታቱ ታክሲ ተሳፍረሽ፣ አርቦሬተም የዛፉ መናፈሻ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተዘዋውረሽ፣ ምሳሽንና ውሃሽን ይዘሽ ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ነው። ለአንድ ወር ትሸከሚዋለሽ፤ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት። እኔ የማውቃቸው ጥሩ ፎቶዎች ሁሉ የተነሱት ያን ቀን ከቤት ይዘውት በወጡት ካሜራ ነው።

መሐል ከተማ ሉቱሊ አቬኑ ወርደሽ ያገለገለ መግዛትሽ አይቀርም፤ አይከፋም። ብቻ ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ጊዜ፣ መሽቶብኝ፣ ሻጩም ሊዘጋ ሲቸኩል እኔም አብሬው ቸኩዬ፣ ያገለገለ ካሜራ ሱቁ ውስጥ ብቻ ሞክሬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳየው መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው መሣሪያ ተሰብሯል፤ ዙም ሲደረግ ምስሉ እንደ ፈራ ሰው ይርዳል። በማግስቱ ስመለስ አናውቅህም አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያ ገንዘብ የልጆቼ የትምህርት ቤት ወጪ ነበርና ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦

በጠዋት ሂጂ። የራስሽን ሚሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ። ካሜራውን ወደ ሱቁ በር አምጪውና ከመንገዱ ማዶ ካለ ማስታወቂያ ላይ ትንሿን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አቅርበሽ አንሺ፤ አምስት ጊዜ። ከዚያ ያነሳሽውን አስፍተሽ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበብ እንደሆነ፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዪ። ዙሙን ደጋግመሽ ስታወጪና ስታስገቢ ጆሮሽን አስጠጊ፤ አሸዋ እንደሚፈጭ ድምፅ ካለው ተዪው። የተዘረጋውን በርሜል በጣትሽ ቀስ ብለሽ ነቅንቂ። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ መንገዳገድ ግን መውደቁን ይናገራል። የስልክሽን መብራት በሌንሱ ፊት አብርተሽ ወደ ውስጥ ተመልከቺ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ይስፋፋል እንጂ በቀላሉ አይለቅም። ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሺና ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጊ፤ የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ አይወልቅምና ሴንሰሩ ላይ የገባ አቧራ በቀላሉ አይጠረግም። ገንዘቡን በኤም-ፔሳ የምትልኪው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ደረሰኙ ላይ የካሜራው መለያ ቁጥር ተጽፎ ካየሽ በኋላ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ካርዱንም ቢሆን አትመኚ። ጥሩ ስም የተጻፈበት ውሸት ካርድ ሞልቷል። ቤት ውስጥ ቪዲዮ እየቀረጽሽ አንድ ጊዜ እስከ አፉ ሙዪውና ሁሉም ይከፈት እንደሆነ እዪ። ፓርክ ውስጥ አንበሳው ፊትሽ ቆሞ ከማወቅ ቤት ማወቁ ይሻላል። ሁለተኛ ባትሪም ከመጀመሪያው በጀትሽ ውስጥ ይግባ።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ ካሜራም በአያያዝ ነው። የግራ መዳፍሽን ከሌንሱ ሥር እንደ ሰሐን ዘርግተሽ አስቀምጪው፤ ከላይ አትጨብጪው። ሁለቱን ክርኖችሽን ወደ ጎድንሽ አስጠጊ። ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪና ያዢ፤ ከዚያ መምቻውን አትምቺ፣ ጣትሽን እንደምታሳርፊ ሁሉ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ወፍ ስትፈልጊ መጀመሪያ ዙሙን ሰብስበሽ ዛፉን አግኚ፣ ቀጥሎ ቅርንጫፉን፣ ከዚያ ወፏን፤ ያን ጊዜ አቅርቢ። ጀማሪ ሁሉ እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ሰማዩን ሲያስስ ወፏ ትሄድበታለች።

መለማመጃሽን ሩቅ አትፈልጊ። ጠዋት ጠዋት ከግቢያችሁ ሣር ላይ የሚወርደው፣ ሲበር የሚጮኸው ሀዳዳ አለ። አዲስ አበባ ግቢዎቻችን ውስጥ እየተንጫጫ የሚቀሰቅሰን ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከሩቅ ስታዪው አመድማ ቡኒ ነው፤ ፀሐይ ከጎኑ ስትመታው ግን የክንፉ ትከሻ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ይንቦገቦጋል። ያን ቀለም ያለ መንቀጥቀጥ፣ የዓይኑንም ብርሃን ጨምረሽ እስክታወጪ ድረስ እሱኑ አንሺ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ኒያዮ ስታዲየም አካባቢ ዛፍ ላይ ያሉት አባ ኮዳዎች አሉ፤ ትልልቅ ናቸው፣ አይቸኩሉም፣ ለተማሪ ይታገሣሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ረጅም ሌንስ ሰውን ሳያውቅ የማየት ሥልጣን ይሰጥሻል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ እዚህ እንግዶች ነን። ከሁርሊንግሃም ሳትወጪ ሌናና መንገድ ላይ ኡሊንዚ ሃውስ አለ፤ የኬንያ መከላከያ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ወደዚያ አቅጣጫ ሌንስ አታዙሪ፣ ዛፉ ላይ ያለችው ወፍ ምንም ብታምር። አርቦሬተም ስትሄጂም የፕሬዚዳንቱ ግቢ ጎረቤት መሆኑን አትርሺ። ወታደሩ ወፍ እያነሳሁ ነው ብትዪው የማመን ግዴታ የለበትም።

ሰውም እንዲሁ ነው። በድሆቹ ሰፈር በኪቤራ ጎን አልፈሽ ስትሄጂ፣ ከመኪና መስኮት በ600 ሚሊ ሜትር የሰው ጓዳ ውስጥ መግባት ትችያለሽ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ያሰኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን፣ በጥምቀት፣ ካህናቱ መካከል ገብተሽ ከመረበሽ ከዳር ቆመሽ በረጅም ሌንስ ማንሳትሽ ጨዋነት ነው። አንዱ መሣሪያ በአንዱ ቦታ ነውር፣ በሌላው ክብር ይሆናል። ልዩነቱን የምታውቂው፣ ያ ሰው ፎቶውን ቢያይ በፊቱ ልትቆሚ ትችይ እንደሆነ ራስሽን ስትጠይቂ ነው።

የናይሮቢውን ልጅ፣ ካሜራማኑን መሐመድ አሚንን ታውቂው ይሆን? አንቺ ከመወለድሽ በፊት ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ የቀረጸው ፊልም ነው የረሃባችንን ነገር ለዓለም ያሳየው። ማለዳ፣ በብርዱ መካከል፣ በሰዎቹ መሐል ሆኖ ነበር የቀረጸው። ሰው የሆነ ሁሉ እንዲደነግጥ ያደረገው ያ ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም እዚያው ሞተ። እሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት አንዱ እሱ ነበር። የኛን አገርና ይህን ከተማ በካሜራ ያገናኘ ሰው ነውና፣ ካሜራ የሚይዝ ሐበሻ ልጅ ናይሮቢ ውስጥ ስሙን ሳያውቅ ባይቀር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ገዝተሽ ስታበቂ ደውዪልኝ። የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቅዳሜ የወንድሜን መኪና እለምናለሁ፤ የፓርኩ በር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ከሁርሊንግሃም በአሥራ አንድ ተኩል መውጣት አለብን። ከእናትሽ አሮጌ ጋቢ ቆርጬ ከረጢት እሰፋለሁ፤ ውስጡ ሁለት ኪሎ ባቄላ ይገባል። የመኪናው መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ሌንሱን ስታስተኚበት እንደ ሕፃን ይተኛል፤ ከብዙ ትራይፖድ ይበልጣል። እስከዚያው ያነሳሽውን የሀዳዳ ፎቶ ሁሉ፣ የተበላሸውን ሳትሰርዢ፣ በካርዱ ይዘሽልኝ ነይ። የተበላሹትን ነው አብረን የምናየው።